የፓስተሩ እራት

ሌይቱ ትሪ ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላ ነበር። ሳሞአ ውስጥ የፓስተርን እራት ምእመናን በየተራ በትሪ ያመጣሉ። ባሏን ፓስተር ቪሊያሙን ደግሞ ስኳር በሽታ ሁለት የእግር ጣት አስቆርጦታል፤ አሁን ተረከዙ ቆስሏል። ሐኪሙ «አመጋገብህን ካላስተካከልክ ቀጥሎ ከጉልበትህ ነው» ብሎታል። መንደሩ ይህን ሰምቷል። ሰምቶም የአሳማ ጮማና የአናናስ ኬክ ያመላልሳል።

«እማማ ፔኒና፣ ዓሣና ቅጠል ብቻ አላልኳችሁም?» አለች ሌይቱ፣ ተረኛዋ አሮጊት ኬክ በትሪ ይዛ ስትገባ።

«ለአባታችን ቅጠል? ከብት ነው እንዴ!»

ቪሊያሙ ትሪውን ቀስ ብሎ ገፋው። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልበላም።»

ፔኒና ኬኳን ይዛ እያለቀሰች ወጣች።

በማግሥቱ ማንም አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ተቀይመዋላ! ባዶ እጁን ወደ ፓስተር ቤት የሚሄድ ደግሞ እዚያ አገር አልተፈጠረም። ቪሊያሙ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ። በአራተኛው ቀን ክኒኑን አልውጥም፣ ቁስሌንም አትንኪኝ አለ።

«ለማን ብዬ ነው የምድነው?»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?»

ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ይኼ ከሁሉ በላይ አንገበገባት። በቀጥታ ፔኒና ቤት ሄደች። ሴቶቹ ተሰብስበው ሰሌን ይሠራሉ።

«ምነው ጠፋችሁ?» ብላ ጮኸችባቸው።

«ምን ይዘን እንምጣ?» አለች ፔኒና። «ባዶ እጃችንን? ሰው ምን ይለናል?»

«እግሩ ሲቆረጥስ ሰው ምን ይላል? ሰባት ወር ሙሉ ቁስሉን ብቻዬን ሳጥብ፣ አንዳችሁ ‹ላግዝሽ› ብላችኋል? አንዳችሁ ‹ፓስተር፣ ና በእግር እንንሸራሸር› ብላችሁታል?»

ሴቶቹ ወደ ሥራቸው አጎነበሱ። ያን ጊዜ ሌይቱ ሰሌኑን አየችው። ለትልቅ ሰው ቀብር የሚሠራው፣ እንደ ጨርቅ የሚለሰልሰው ነው፤ ብዙ ወር ይፈጃል። አሁን ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

«ማን ሞቶ ነው?»

ፔኒና አንገቷን ደፋች። «ጣቶቹ የተቆረጡ ሳምንት ነው የጀመርነው። ልጄ፣ በክብር እንድንሸኘው ብለን እኮ ነው።»

ሌይቱ ሰሌኑን ከጉልበታቸው ላይ ነጥቃ ጠቀለለችው።

«በቁሙ ቀበራችሁት! ይኼ እኔ ዘንድ ይቆያል። ነገ ጠዋት በየተራችሁ ባዶ እጃችሁን ትመጣላችሁ፤ አንዷ ቁስሉን ታጥባለች፣ አንዷ አብራው ትቀመጣለች። ትሪ ይዛ የመጣችን በር ላይ እደፋባታለሁ!»

ሰሌኑን በብብቷ ይዛ ወጣች። ትንሽ እንደሄደች የእግር ኮቴ ሰማች። ፔኒና እየተከተለቻት ነበር፤ ባዶ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት፣ አንዴ ወደ ኋላዋ አንዴ በቀሚሷ ውስጥ ትደብቀዋለች።