የእህቱ ቀኖች

የስፌት ቤቱ ሰዎች ትንሹን ልጅ «ጨዋው» ይሉት ነበር። ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። እናቱ ከመኪናዋ አጠገብ ቁርጥራጭ ጨርቅ አንጥፋ ታስተኛዋለች። እሱም አራት የስፌት መኪና እየተንጣጣ፣ ጠርዝ የሚቋጨው ኦቨርሎክ ከራስጌው እየጮኸ፣ እንቅልፉን ለሽ ይላል።

«እግዜር ሲያዝንልሽ ነው፣ እህቴ» ይላታል ጨርቅ ቆራጩ። «ባልሽን ቢወስድ የማያስቸግር ልጅ ሰጠሽ።»

ቆራጩ ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ግን ከመቀሱ ይፈጥናል። እሷም ፈገግ ትልለታለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፈገግታ ለእሷ እንደ መውጫ ነጠላ ጫማ ነው፤ ስትወጣ ታጠልቀዋለች፣ ቤቷ ስትገባ ደጃፍ ላይ ታወልቀዋለች።

ለትንሹ የምትናገርለት የአምስት ዓመት እህቱ ናት። «ጠበቃዋ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ወንድሟ ጣቱን ወደ ጣሳው ከቀሰረ «ውኃ ነው ያለው» ትላለች። ካለቀሰ «ጫማው ጠበበኝ እያለ ነው» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም። እናትየዋም ልጁ በራሱ አፍ የተናገረ ያህል ትቀበላታለች።

ጠበቃዋ የበኩር ልጅ ናትና አንዲትም ነገሯ ሳይታይ አላለፈም። በስድስት ወር ከአራት ቀኗ ያለ ድጋፍ ቁጭ አለች። በዘጠኝ ወሯ ስሟ ሲጠራ ዞረች። ዓመት ሊሞላት ሳምንት ሲቀረው «ባባ» ብላ አባቷን አስለቀሰችው። እነዚህን ቀኖች እናትየዋ ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት እንኳ አትስታቸውም። ትንሹ ግን ገና በስምንት ወሩ አባቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በፊቷ አለፈ እንጂ አላየችውም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቆራጩ ከመደርደሪያ አናት ጥቅል ጨርቅ ሲያወርድ አዝራር የሞላበትን ቆርቆሮ ገፋው። ቆርቆሮው ሲሚንቶው ላይ፣ ከትንሹ ጀርባ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተከሰከሰ። አንዷ ሰፊ «ውይ!» ብላ ጣቷን በመርፌ ወጋች። ጠበቃዋ ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ደፈነች። ትንሹ ክር መልቀሙን አላቋረጠም። አዝራሮቹ ተንከባለው ጉልበቱ ሥር ሲደርሱ ብቻ ከሰማይ እንደ ወረደ ስጦታ አያቸውና ሣቀ።

«ኧረ ይሄስ ከአሁኑ እንደ ቢሮ ሹም ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ለምዷል!» አለ ቆራጩ።

ሰፊዎቹ ሣቁ። እናትየዋ ተነሥታ ከልጁ ጀርባ ቆመችና ስሙን ጠራች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ቆራጩ ሣቁን ዋጠ፤ ትልቁን መቀስ አንሥቶ ከጠረጴዛው ብረት ጋር ሁለት ጊዜ አጋጨው። መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ። ትንሹ አዝራሮቹን በረድፍ ይደረድራል።

«እማ፣ ከፊቱ ሆነሽ ጥሪው» አለች ጠበቃዋ። «ከኋላው ከሆንሽ እኮ አይመጣም።»

«መቼ ነው ይህን ያወቅሽው?»

«ድሮ ነዋ!»

ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ የልጁን ካርድ ገልጣ ግንባሯን ቋጠረች።

«በዘጠኝ ወሩ ሲጠሩት ይዞራል ይላል። በዓመቱ አንድ ቃል ይናገራል ይላል። ታዲያ ምን አግኝቶት ተወው? ከባድ ትኩሳት ነበረው? ወድቋል?»

«ኧረ የለም፣ ሲስተር።»

«አስቢው እንጂ እናቴ። ጭራሽ ያልሰማ ልጅና ሰምቶ ተናግሮ ያቆመ ልጅ አንድ አይደሉም። አውርቶ ያቆመ ከሆነ ዛሬውኑ ለጭንቅላት ምርመራ ነው የምልከው። ማደንዘዣ አለው፣ ጣጣው ብዙ ነው።»

እናትየዋ ካርዱን አየችው። ያን ቀን ለክትባት ስትመጣ ባሏ ከተቀበረ ወር አልሞላውም። ሌላ ነርስ ነበረች፤ ሰልፉም ከበር ውጭ ደርሶ ነበር። መቼ ተቀመጠ? ሲጠሩት ይዞራል? ተብላ ስትጠየቅ አላየሁም ማለት አፈረች። እናት ሆኖ አላየሁም ይባላል? አፏ የሚያውቀውን ቀን ተናገረ። ዓመት ሲሞላውም ያንኑ አደረገች። መዋሸቷ እንኳ አልታወቃትም፤ ከአንድ ማኅፀን የወጣ ልጅ አንድ ዓይነት መስሏት ነበር።

«ሲስተር፣ የተጻፈው የሱ አይደለም» አለች። «የእህቱ ነው።»

«እንዴት የእህቱ?»

«የሱን አላየሁም።»

ነርሷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የእናትየዋን ፊት አየችና ተወችው። በቀይ እስክሪብቶ ቀኖቹን አንድ በአንድ ሰረዘች። «አንድም የምታስታውሺው የለም?»

«አንድ ቀን ጠዋት ወንበር ይዞ ቆሞ አገኘሁት። መቼ እንደ ጀመረ ግን አላውቅም።»

በሁለተኛው ሳምንት፣ ነርሷ በላከቻቸው ሆስፒታል፣ የጆሮ ሐኪሟ ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ መረመረችው። ስትጨርስ ወንበሯን ወደ እናትየዋ አስጠጋች።

«ሁለቱም ጆሮው አይሰማም። ከተወለደ ጀምሮ ይመስለኛል። የመስሚያ መሣሪያ እንሞክርለታለን፤ የእጅ ቋንቋም አብራችሁት ትማራላችሁ። በዘጠኝ ወሩ መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ...» ብላ አቆመች።

«ይጨርሱት፣ ዶክተር።»

«ቋንቋ የሚያዝበት ዕድሜ አለው። አንድ ዓመት ገደማ አምልጦናል።»

እናትየዋ አንገቷን ነቀነቀች። ስታስብ የነበረው ግን ሌላ ነው። ባሏ ከሥራ ሲገባ ትንሹን ደረቱ ላይ አስተኝቶ የዋለበትን ሲያወራለት ያመሽ ነበር። ሌላው ቢቀር ስምንት ወር የአባቱን ድምፅ ጠግቧል ስትል ነበር የከረመችው። ይህን ለሐኪሟ አልነገረቻትም። ለማንም አትነግርም፤ ሆድ ይፍጀው።

ትንሹን አዝላ፣ ጠበቃዋን በእጇ ይዛ አውቶቡስ መጠበቂያው ሄደች። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ሌላስ?» አለች ድንገት። «ስለ ወንድምሽ አንቺ የምታውቂው፣ እኔ የማላውቀው ሌላ ምን አለ?»

ጠበቃዋ እግሮቿን እያወዛወዘች አሰበች። «መጀመሪያ የሄደ ቀን ከአልጋው እስከ በሩ ነው የሄደው። አራት እርምጃ። ቆጥሬዋለሁ። አጨበጨብኩለት፤ እሱ ግን ዞር ብሎም አላየኝ።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«እዚያው ነሻ! አልጋው ላይ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?»

«ነገርኩሽ እኮ» አለች ልጅቷ። «‹እሺ› አልሽኝና ወደ ግድግዳው ዞርሽ።»

አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው።