ከወይዘሮ ትርንጎ ቤት የሚመጣ ሙቀት

የአቶ ደምሰው መኪና ሂተር ሙቀቱን የሚስበው ከወይዘሮ ትርንጎ ቤት ነበር። ሁለቱ አይተዋወቁም ነበር። አቶ ደምሰው የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ከተማ መግቢያ ላይ ነው፤ ወይዘሮ ትርንጎ ደግሞ ከገበያው ማዶ፣ ዳገቱ ላይ።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር፣ የሂተሩ ሞተር በሞተ ሰሞን ነው። ሞተሩ መጀመሪያ እንደ ጫጩት ይጮህ ነበር። ከዚያ መጮሁን ተወ፤ መንፋቱንም ተወ። አቶ ደምሰው ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት መዋል ስላልሆነላቸው፣ ጠዋት ጠዋት ያችን አሮጌ መኪና አስነስተው ይወጣሉ። የሚሄዱበት የለም። ከተማዋን ዞረው ይመለሳሉ። በዚያ ውርጭ ግን ያለ ሂተር አይነዳም፤ መስታወቱ ጉም ይለብሳል፣ ጣት ይደነዝዛል።

መካኒኩ ኑሩ ከዳሽቦርዱ ሥር ተጋድሞ ብሎኖቹን ፈታና ሞተሩን አወረደው።

“የሞተሩ ካርቦን ተበልቶ አልቋል፣ ጋሼ። ለዚህ መኪና አዲስ ሞተር አይገኝም። ከተበተነ መኪና የወጣ አለኝ፣ እሱን ልግጠምልዎት?”

“ይሠራል?”

“በደንብ ይስባል።”

እውነትም በደንብ ይስብ ነበር። የሚነፋው ሙቀት ግን የመኪና ሙቀት አልመስል አላቸው። ጠዋት የተቆላ ገብስ ይሸታል፤ ረፋድ ላይ ካውያ ያረፈበት እርጥብ ጨርቅ። አቶ ደምሰው ወደ ጋራዡ ተመለሱ። ኑሩ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ።

“ይሄ ከሰው ቤት ነው የሚስበው” አለ።

“ጉዳት አለው?”

“ለመኪናው የለውም።”

ከጥቂት ቀናት በኋላ አቶ ደምሰው ነዳጅ ማደያ ተሰልፈው ሳሉ፣ ጋቢ የደረቡ አንዲት ሴት መስታወቱን አንኳኩ። አቶ ደምሰው መስታወቱን ዝቅ አደረጉ። ሂተሩ እየነፋ ነበር።

“ትርንጎ እባላለሁ” አሉ ሴትዮዋ። “የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የቤቴን ሙቀት የሚወስዱት እርስዎ ነዎት።”

“እንዴት አወቁኝ?”

“ቤቴ ሲቀዘቅዝ፣ እርስዎ ሲያወሩ ከግድግዳው ይሰማኛል። ቅድም ‘ነዳጅ ተሰልፌያለሁ’ ሲሉ ሰምቼ መጣሁ።”

አቶ ደምሰው አፈሩ። መኪናው ውስጥ የሚያወሩት ከሟች ባለቤታቸው ጋር ነው። የጉልበታቸውን ሕመም፣ ያረረባቸውን ወጥ፣ ሁሉንም ያወራሉ።

“ዛሬውኑ አስወልቀዋለሁ” አሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው ቆሙ።

“ብርዱስ ብርድ ነው” አሉ። “ግን አይቸኩሉ። ደርቤ እቀመጣለሁ። እኔም ቤት ሰው አይመጣም።”

ከዚያ ወዲያ አቶ ደምሰው የሚያወሩት ከወይዘሮ ትርንጎ ጋር ሆነ። ሂተሩን ሲከፍቱ “እንደምን አደሩ” ይላሉ። ያዩትን ይነግሯቸዋል፤ አጥር ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ፣ መንገድ ዘግተው የቆሙ በጎች። የወይዘሮ ትርንጎ ድምፅ ወደ መኪናው አይመጣም። የሚመጣው ሽታ ብቻ ነው። አንድ ቀን አቶ ደምሰው ጉሮሮዬን ከርክሮኛል አሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ሂተሩ ዝንጅብል ሸተተ። መኪናውን ዳር አቁመው፣ ሽታው እስኪያልቅ ተቀመጡ።

በታኅሣሥ ውርጩ ሲበረታ ግን ከሽታው ጋር የወይዘሮ ትርንጎ ሳልም መጣ። ደረቅና ረጅም ሳል ነበር፤ ከሂተሩ ጋር እየነፋ ፊታቸውን ይመታቸዋል።

“ወይዘሮ ትርንጎ” አሉ አቶ ደምሰው፣ “ሳልዎ ደግ አይደለም። አሁን ላስወልቀው ነው።”

መልስ ጠበቁ። ካውያ ያረፈበት ጨርቅ ሸተተ። ሂተሩን ዘግተው ወደ ጋራዡ ነዱ።

ኑሩ ሞተሩን አወጣው። ሽቦው ተነቅሎ እንኳ እጁ ላይ ቀስ እያለ ይዞር ነበር።

“ይቆማል” አለ ኑሩ። ቆመ።

በማግስቱ አቶ ደምሰው ብርቱካን ገዝተው፣ ሰው እየጠየቁ የወይዘሮ ትርንጎን ቤት አገኙ። ወይዘሮ ትርንጎ በሩን ከፈቱላቸው። ቤቱ ሞቋል፤ ሳሉም ለቋቸዋል።

“እንኳን መጡ” ብለው ወንበር ሳቡላቸው፤ ሻይ ቀዱላቸው።

“ተሻለዎት?” አሉ አቶ ደምሰው።

ወይዘሮ ትርንጎ የአቶ ደምሰውን ከንፈር ተመለከቱ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ” አሉ። “ድምፅዎ አይሰማኝም።”

አቶ ደምሰው ጠጋ ብለው ጮክ አሉ። ወይዘሮ ትርንጎ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደጅ የሚጮኸው ውሻ ይሰማቸዋል፤ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማቸዋል፤ የአቶ ደምሰው ድምፅ ግን አይሰማቸውም። ወይዘሮ ትርንጎ ብርቱካን ላጡላቸው። ለሁለት ተካፍለው በሉ። አቶ ደምሰው ሊሉ ያሰቡት ብዙ ነበር፤ ሌሊቱን ሲያስቡበት ነው ያደሩት።

ጥቂት ቆይቶ ወይዘሮ ትርንጎ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉና ጆሯቸውን ለጠፉበት። ፊታቸው በራ።

“ባለመኪናው እንደምን አደሩ እያሉኝ ነው” አሉ፣ ለራሳቸው። “ወፍጮ ቤቱን አልፈዋል። ወደዚህ እየመጡ ነው።”

አቶ ደምሰው በመስኮቱ ተመለከቱ። መኪናቸው አጥሩ ሥር እንዳቆሟት ናት፤ ውስጧ ሰው የለም። ከበስተታች ግን የዚያችው መኪና ድምፅ ዳገቱን እየወጣ መጣና ደጁ ላይ ጠፋ።

ወይዘሮ ትርንጎ ተነሱ። የአቶ ደምሰውን ብርጭቆ ከፊታቸው አንስተው አለቀለቁና ለሚመጣው እንግዳ ደፍተው አስቀመጡት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። በአቶ ደምሰው አጠገብ ሲያልፉ ወደ እሳቸው አልተመለከቱም። ቤቱ መቀዝቀዝ ጀመረ።

በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ትርንጎ “መጣሁ” አሉ፤ ትንፋሻቸው ነጭ ሆኖ ከአፋቸው ወጣ። አቶ ደምሰውም እፍ አሉ። ደግመው እፍ አሉ። ከእሳቸው አፍ ግን ምንም ትንፋሽ አልታየም።