ቀንድ ያበቀሉት እህትማማቾች

ዶክተሯ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የውሃ ቁንጫን ዘረመል ፊደል በፊደል ስታነብ ኖራለች። የውሃ ቁንጫ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ውስጧ እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ ያለ ወንድ የምትወልድ ፍጥረት ናት። በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ባሉት ብልቃጦች የሚዋኙትም ሁሉ ከአንዲት እናት የወጡ፣ ቁርጥ እሷን የሆኑ ናቸው። «ዘረመሏን ካወቅን እሷን አወቅናት» ትላለች ዶክተሯ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ታዲያ የሦስት ብልቃጥ ቁንጫዎች ራሳቸው ሾሎ ቀንድ አብቅሎ፣ ጅራታቸው እንደ መርፌ ረዝሞ አገኘቻቸው። ደሟ ፈላ። ብልቃጥ የሚያጥቡትንና ውሃ የሚቀይሩትን አዛውንት አስጠራች። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠሩ ድምፃቸውን የሰማ ጥቂት ስለሆነ «ጋሽ ዝምታ» ይባላሉ።

«ጋሼ፣ ከሌላ ዘር ጋር ቀላቀሉብኝ አይደል?»

«አልቀላቀልኩም ልጄ። ነገሩ ግን...»

ሳይጨርሱ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ናሙና ወስዳም ዘረመሉን አስመረመረች። ውጤቱ በሁለት ሳምንት መጣ። ባለቀንዶቹና ቀንድ የለሾቹ በአንዲት ፊደል እንኳ አይለያዩም!

ሰው በከንቱ መውቀሷ ከነከናትና ወደ ማጠቢያው ክፍል ወረደች። አዛውንቱ እስከ ክርናቸው አረፋ ውስጥ ናቸው።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ የሆኑት?»

«ፈርተው ነዋ!»

«ምኑን?»

«ዓሣውን። ያን ሰሞን የማጣሪያው ቧንቧ ተበላሽቶ ለሦስቱ ብልቃጥ ጎን ካለው ክፍል፣ ከዓሣው ገንዳ ቀድቼ ነበር። ዓሣው ባይኖር ሽታው አለ። ዓሣ የሸተታት እናት ልጆቿን አስታጥቃ ነው የምትወልድ። ቀንድ ያለው በቀላሉ አይዋጥማ!»

«ይሄን ሁሉ ዘመን እያወቁ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠይቆኝ?»

ዶክተሯ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

በማግስቱ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሃያ ብልቃጥ አሰናዱ። አሥሩን በንጹህ ውሃ፣ አሥሩን ዓሣ በኖረበት ውሃ ሞሉ። በዓሣው ውሃ ቀንድ በቀለ፤ በንጹሁ አንድም የለ። ቀጥለው ባለቀንዶቹን እናቶች ወደ ንጹህ ውሃ አዛወሯቸው። እዚያ የተወለዱት ልጆችም ቀንድ ይዘው ብቅ አሉ። የልጅ ልጆቻቸው ሲመጡ ግን ቀንዱ እያጠረ፣ እያጠረ ጠፋ።

«ሰላም መሆኑን አመኑ» አሉ አዛውንቱ።

ዶክተሯ ይህን ለባልደረቦቿ ስታቀርብ አዛውንቱን ከጎኗ፣ ባለቀንዶቹን ደግሞ አጉሊ መነጽር ሥር አስቀመጠች። ድሮ ያስተማሯት ፕሮፌሰር እጃቸውን አወጡ።

«የአሥራ አንድ ዓመት ልፋትሽ ገደል ገባ ማለት ነው?»

«ኧረ የለም! ፊደሉን ለይቻለሁ። ውሃውና እናትየዋ እንዴት እንደሚያነቡት ነው ያላየሁት።»

ፕሮፌሰሩ ከመቀመጫቸው ተነስተው አጉሊ መነጽሩ ላይ አጎነበሱ። ወረፋ የያዙት ጉሮሯቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ቀና አላሉም።

በአዲሱ ዓመት ለጀማሪ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ትምህርት እንዲሰጡ የተመደቡት ጋሽ ዝምታ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ብልቃጥ አደሉና ቁጭ አሉ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንዷን ተማሪ ጨነቃት።

«ጋሼ፣ ምን እንፈልግ?»

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ተመልከቻት።»

ከኋላ ወንበር ዶክተሯም ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ትመለከት ነበር።