የተያዘው ወንበር

በጨለማው ውስጥ ዘግይቶ የሳቀው ማን ነበር?

አዳራሹ በሙሉ ስቆ ጸጥ ብሏል። ሸራው ላይ፣ በስህተት ፒያኖ የተጫነበት የጭነት መኪና ቁልቁለቱን እየተንገጫገጨ ይወርዳል፤ ሹፌሩ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ከኋላው ለሚንጫጫው ፒያኖ ይቅርታ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ ስቆ ከጨረሰ በኋላ፣ ከፊት በግራ በኩል፣ አንድ አጭርና ደረቅ ሳቅ ብቻውን ተሰማ። መሀል ረድፍ ላይ የተቀመጠች የአንዲት ሴት እጅ አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ፣ ቦታ መያዣ ባደረገችው ጃኬት ላይ እንዳረፈ ቀረ።

ታናሽ ወንድሟ በልጅነቱ የሚስቀው እንዲህ ነበር። አባታቸው «የዚህ ልጅ ሳቅ በአህያ ተጭኖ ነው የሚመጣው» ይል ነበር። ግን ዘግይቶ የሚስቅ ሰው እሱ ብቻ አይደለም። አንገቷን አስግጋ አየች፤ የሚታየው የማጅራት ረድፍ ነው። ልቧ ይደነግጣል ብላ ጠበቀች። አልደነገጠም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ነገር ሁሉ የሚደርሳት በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት መብራቱ ቀስ እያለ ሲደበዝዝ እንኳ፣ ድሮ ከፊልሙ በላይ የምትወደው ያ ቅጽበት፣ መብራት ከመደብዘዝ ሌላ ምንም አልሆነባትም።

ጠዋት የእሱን ትኬት ይዛ ወንድሟ መስታወት ወደሚቆርጥበት ሱቅ ሄዳ ነበር። ዝግ ነበር። ጎረቤቱ የሆነች ልብስ ሰፊ ትኬቱን ተቀብላ ገለበጠችው።

«እሰጠዋለሁ። ግን ወንድምሽን መቼም ታውቂዋለሽ፤ ካኮረፈ አኮረፈ ነው።»

«ቦታ እይዝለታለሁ በይልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ሰው ለእርቅ አማላጅ ይልካል፤ አንቺ የሲኒማ ትኬት ትልኪያለሽ?»

አንድ ነገር ግን ለልብስ ሰፊዋ አልነገረቻትም። ፈቃድ ወስዳ የመጣችበት፣ ባሕር ማዶ ያለው መሥሪያ ቤቷ፣ ትመለሻለሽ ወይስ ቦታሽን ለሌላ እንስጥ ብሎ ጠይቋታል፤ መልሱን ዛሬ ይፈልጋል። ሳምንቱን ሙሉ አስባ አስባ ሲያቅታት ነገሩን ለወንበሩ ተወችው። ወንድሟ ከመጣ እዚሁ ትቀራለች። ካልመጣ ትሄዳለች።

ወንበሩን መጠበቅ ቀላል አልነበረም። ትኬቱ የቦታ ቁጥር የለውም፤ የቀደመ ይቀመጣል። ፈንዲሻ የታቀፈ ወፍራም ሰው ጉልበቷ ላይ እያራገፈ ቆመ።

«ሰው አለው?»

«አለው። እየመጣ ነው።»

«ሁሉም እየመጣ ነው» አለና አለፈ። ከኋላዋ አንዱ ቀጥሎ የሚሆነውን ለጓደኛው ይተነትናል፤ ይሳሳታል፤ ተሳስቶም አያፍርም። የሌላው ጉልበት የወንበሯን ጀርባ ይገፋል። በስተቀኟ የተቀመጡት አሮጊት መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ ጃኬቱ አዩ።

«ባልሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«ወንድም ከሆነ ይቆያል» አሉና ወደ ሸራው ዞሩ።

አባታቸው ፊልም አስጨርሷቸው አያውቅም። ሊያልቅ ሲል ክንዳቸውን ነካ አድርጎ ይነሳል፤ ሰው እንዳይከልል ጎንበስ ብሎ፣ በግራ እጁ የወንበሮቹን ጫፍ አንድ በአንድ እየዳሰሰ ይወጣል። ሁለቱ ልጆች ከኋላው እንደሱ ጎንበስ ብለው፣ እንደሱ እየዳሰሱ ይከተሉታል። ምክንያቱ የአውቶቡሱ ግፊያ ነው። መንገድ ላይ ግን «እሺ፣ አንቺ ምን መሰለሽ? አንተስ?» እያለ መጨረሻውን ያስፈጥራቸዋል። በእሷ መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ሰው በመርከብ ይሄዳል። የወንድሟ ፊልሞች ሁሉ፣ የጦርነቱም የሌባና ፖሊሱም፣ የሚያልቁት ሰዎቹ ቤታቸው ገብተው እራታቸውን ሲበሉ ነው።

አባታቸው የታመመ ጊዜ መጥታ አስታመመችው። የሥራ ፈቃዷ አለቀ፤ ሐኪሙም «ገና ይቆያል» አለ፤ ሄደች። በሳምንቱ ሞተ። ወንድሟ በስልክ አላለቀሰም፣ አልጮኸም። «እቴ፣ ከማለቁ በፊት ወጣሽ» አለና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም።

ሸራው ላይ ሹፌሩ የፒያኖውን ባለቤት ፍለጋ አንድ ሆቴል ገብቶ የሰው ሠርግ አበላሸ። አዳራሹ ሳቀ፤ ጸጥ አለ። ያ ሳቅ እንደገና ብቻውን መጣ።

ጃኬቷን ከወንበሩ ላይ አነሳች። ለምን እንዳነሳችው አታውቅም። ምናልባት የሚስቀው ወንድሟ ከሆነ፣ ቦታ ካገኘ፣ ቦታ መያዝ አያስፈልግም ብላ ይሆናል። ማንም ግን አልተቀመጠበትም።

ሹፌሩ የመጨረሻው ቤት በር ላይ ቆሞ እጁን ለማንኳኳት ሲያነሳ፣ ከፊት በግራ በኩል አንድ ሰው ተነሳ። ፊቱ አይታይም። ጎንበስ አለ። በግራ እጁ የወንበሮቹን ጫፍ አንድ በአንድ እየዳሰሰ ወደ መውጫው ሄደ።

ብድግ አለች። ረድፉ መሀል ነበረች፤ በሁለቱም በኩል ጉልበት በጉልበት ነው።

«እህቴ፣ ትከልያለሽ» አለ ከኋላዋ ያ ተንታኙ። «ወይ ውጪ፣ ወይ ተቀመጪ።»

ብትወጣ ትደርስበት ይሆናል፤ በሩ ላይ ደርሳ እጁን ትይዘው ይሆናል። ብትወጣ ደግሞ እንደገና ከማለቁ በፊት ወጣች ማለት ነው። አሮጊቷ ሊያሳልፏት እግራቸውን ሰብስበው ጠበቁ። የመውጫው መጋረጃ ተገልጦ የቀን ብርሃን ገባ፤ ተመልሶ ተዘጋ።

ተቀመጠች።

ሸራው ላይ በሩን የከፈተችው ሴት የፒያኖው ባለቤት አልነበረችም። ሴትየዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች «የእኔማ አምና ደርሶኛል» አለችው። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ መኪናውን አዞረ። አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ ራሱ ጠባብ ቤት አስገቡለት፤ የሚበቃው ቦታ የምግብ ጠረጴዛው የነበረበት ብቻ ስለሆነ ጠረጴዛው ወጣ። ሹፌሩ ሳህኑን ፒያኖው ላይ አስቀምጦ እራቱን መብላት ጀመረ። በአንድ ጣቱ አንድ ድምፅ ነካ። አዳመጠ። ማኘኩን ቀጠለ። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

መብራት በራ። ሰው ሁሉ እየተንጠራራ፣ የፈንዲሻ ከረጢት እየረገጠ ተነሳ። «እህ፣ እራት?» አለ ከኋላዋ ያለው፤ እንደተታለለ ሰው። እሷ ባዶው ወንበር አጠገብ የመጨረሻው ስም እስኪያልፍ ቆየች።

በሩ ላይ ትኬት የሚቀደውን ሰው ጠየቀችው። «ቅድም፣ ሳያልቅ የወጣ ሰው ነበር?»

«እኛ የሚገባውን ነው የምናየው፣ እመቤት» አለ። «የሚወጣውን ማን ያያል?»

ውጭ ገና አልመሸም። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አባታቸው ይሸሸው የነበረው ግፊያ ሞልቷል። ስልኳን ስታወጣ የመሥሪያ ቤቱ መልእክት ከላይ ነበር፤ አልከፈተችውም። ወደ ወንድሟ ቁጥር ወርዳ፣ እዚያው ቆማ ጻፈች፦

«ፒያኖው የሴትየዋ አልነበረም። ሹፌሩ ይዞት ቤቱ ገባ፤ እላዩ ላይ እራቱን በላ። አንተ እንደምትለው። እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ነበር። አንተስ፣ ምን መሰለህ?»

ላከችው። አውቶቡስ መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። አልተሳፈረችም። ሌላም መጣ። ስልኩ እጇ ላይ እየደበዘዘ ሲጠፋ በአውራ ጣቷ ነካ ታደርገዋለች፤ ይበራል፤ መልእክቱ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ምንም የለም። የመሥሪያ ቤቱ መልእክት ሳይከፈት ቀኑ አለፈ። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም፣ ከወንድሟ መልስ አልመጣም።