የኅዳር ፈረስ

ክንዱ ዝም ብሎ መቀመጥ ነበረበት። ከእሱ የሚፈለገው ይኸው ብቻ ነው። ሐይቁ ዳር፣ ጋሽ ኢስሀቅ ጓሮ ውስጥ፣ ከታንኳ መሥሪያው ደንገል ክምር ጀርባ ካለችው ጎጆ ሳይወጣ፣ ሳያፏጭ፣ ከመንደር ጎረምሳ ጋር ኳስ ልራገጥ ሳይል መቀመጥ። የቀበሌው ኮታ ሞልቶ፣ ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሱትን ልጆች የጫኑት መኪኖች ከባሕር ዳር እስኪወጡ ድረስ ብቻ። ለሌላ እናት ልጅ ይህ ምንም አይደለም። ለፀሐይወርቅ ልጅ ግን ትልቅ ፈተና ነበር፤ ክንዱ ፈረስ ነዋ።

ፈረስነቱን ያመጣበት አባቱ ነው። አንዳርጋቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቻይናዎቹ የወረታን መንገድ ሲሠሩ ገልባጭ መኪና ይነዳ ነበር። ከካምፑ ወደ ቤቱ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ሳይዝ አይመጣም፤ አንዴ አበባ የተሳለበት ሳፋ፣ አንዴ ቴርሞስ፣ አንዴ ወሬ። ያን ጊዜ የያዘው ወሬ ነበር። ቻይናዊው ቀያሽ እንደነገረው፣ እነሱ አገር ዓመት ሁሉ የእንስሳ ነው። አሥራ ሁለት እንስሳት በየተራ ዓመቱን ይይዙታል፤ በዚያ ዓመት የተወለደ ሰው ጠባዩ እንደዚያ እንስሳ ይሆናል። የበሬ ዓመት ልጅ ታታሪ ግን ግትር፣ የዶሮ ዓመት ልጅ ልታይ ልታይ ባይ፣ የአይጥ ዓመት ልጅ ብልጥ፣ አጋጣሚ የማያመልጠው። ክንዱ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት የተወለደ ነው፤ ሃምሳ ስምንት ደግሞ የፈረስ ነው። ፈረስ ኩሩ ነው፣ ሳቂታና ለፍላፊ ነው፣ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም፣ ታስሮ አይውልም፣ ከአባቱ ቤትም ቶሎ ይወጣል።

ፀሐይወርቅ መጀመሪያ አማተበች። ኮከብ ማስቆጠር ካማረህ እዚሁ አገር ደብተራ ሞልቶልህ የለም ወይ፣ ቻይና ድረስ ምን አስኬደህ ብላም ባሏን ተቆጣችው። ልጁ ግን ሰምቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ሲጠፋ፣ ሱሪውን ቀዶ ሲመጣ፣ ለጌታም ለሎሌም አፉን ሲከፍት አባቱ እየሳቀ «ፈረስ አይደል እንዴ» ይላል። ሰፈሩም ፈረሱ ይለው ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር በንቀት ይጀመርና ሳያስቡት ከቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ እሷም ቀስ በቀስ አመነችው። አንዳርጋቸው ጉና ሥር መኪናው ተገልብጦበት ከሞተ በኋላማ ጭራሽ ባሰባት። የባሏ ቃል ነው፤ እንዴት ትጣለው?

እናም በዚያ ሚያዝያ፣ የምትሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ቆማ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል፣ ሐሳቧ ከልጇ ጋር ነበር። አሁን ወጥቶ ይሆን? አሁን ዓሣ አጥማጆቹን አይቶ ልዋኝ ብሎ ይሆን? ሄዳ ብታየው በወደደች። ጋሽ ኢስሀቅ ግን ገና ልጁን ሲቀበላት ከልክሏታል።

«አንቺ እንዳትመጪ» ብሏት ነበር ታንኳ ሠሪው ሽማግሌ። «ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በሚመጣና በሚሄድ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ያለ ልጅ የእኛ ልጅ ነው። የሆነ ነገር ቢኖር ሸሪፋን እልክብሻለሁ።»

ሸሪፋ ሚስቱ ናት። አልመጣችም። አለመምጣቷ ደግ ምልክት ነበር፤ ፀሐይወርቅ ግን ደግ ምልክት የማየት ዓይኗ ጠፍቶባት ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የቀበሌውን ጥበቃ ደጃፏ ላይ ቆሞ አገኘችው። ሊቀመንበሩ ይፈልጉሻል አላት።

ሊቀመንበሩ ቢያዝን ነበር። ከአንዳርጋቸው ጋር አንድ ካምፕ የከረመ፣ የቻይናዎቹ መጋዘን ጠባቂ የነበረ ሰው። የተወለደው በአይጥ ዓመት ሆኖ ተገኝቶ፣ እህል ለአይጥ ተሰጠ እያሉ ካምፑ ሁሉ ይስቅበት እንደነበር አንዳርጋቸው አጫውቷታል። አሁን የሚስቅበት የለም። ጠረጴዛው ላይ ሽጉጡን አስቀምጦ፣ ፊቱ በእንቅልፍ እጦት ጠቁሮ ተቀምጧል።

«ተቀመጪ፣ እቴ ፀሐይ» አላት። «ልጁ የት ነው?»

«ጎንደር፣ አክስቱ ዘንድ ሄደ ብዬ ነገርኋችሁ እኮ፣ ጋሼ ቢያዝን።»

«ነገርሽን።» አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «መኪናው ነገ ጠዋት ይነሣል። አንድ ሰው ጎደለኝ። ካልሞላህ ከገዛ ቤትህ አምጣ ተብያለሁ። እኔ ቤት ያለው ገብረ መስቀል ብቻ ነው።»

ገብረ መስቀል የመጨረሻ ልጁ ነው፤ ከክንዱ ጋር አንድ ክፍል የተማረ። አንዱ ካልሄደ ሌላው ሊሄድ ነው፤ እሷ ደግሞ የሰውየው ልጅ እንዲሄድ ከልቧ እየተመኘች ነው። አፈረች፤ ምኞቷን ግን አልተወችም።

«እግዜር ያውጣው» አለች።

«አሜን። ፈረሱን እንደሆነ ሰው ልኬ አላስፈልገውም። ምን አደከመኝ? ፈረስ ታስሮ ያድራል ወይ? አንዳርጋቸው ስንት ጊዜ ነግሮናል። ሄዶ ሄዶ ዛሬ ማታ ወይ ነገ ማለዳ አንዱ ጋ ብቅ ይላል። እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።»

ስንት ቀን ሙሉ ሲያባንናት የከረመውን ፍርሃት ከሌላ ሰው አፍ ሰማችው። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። በሩን ልትይዝ ስትል ጠራት።

«ቆይማ። አንድ ነገር ልንገርሽና ሂጂ፤ ለአንዳርጋቸው ነፍስ ስል። ክንዱ መቼ ነው የተወለደ?»

«በኅዳር። የሚካኤል ማግስት።»

«አየሽ። የቻይናዎቹ ዘመን እንደኛ በመስከረም አይለወጥም። የሚለወጠው ከጥምቀት ወዲያ ነው። አንዳርጋቸው ለቀያሹ ዓመቱን ብቻ ነገረው፤ ወሩን አላነሣም። ኋላ ወሩን ቢነግረው ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ይህ ልጅ ፈረሱ ገና ሳይገባ ነው የተወለደ፣ የፊተኛው ዓመት ነው፣ የእባብ ነው አለው። መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰማሁ።»

«እባብ?»

«አንዳርጋቸውም እንዳንቺ ክው አለ። ለክርስቲያን እናት ሄጄ ልጅሽ እባብ ነው ልበላት ወይ፣ ፈረስ እንደሆነ ይቅር፣ አደራ እንዳታወጣብኝ ብሎ ለመነኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አላወጣሁም።» ዓይኑን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «እነሱ ዘንድ እባብ ክፉ አይደለም። ዝምተኛ ነው፣ አስተዋይ ነው፣ የልቡን አያወጣም። ድንጋይ ሥር ተኝቶ ክፉ ቀን ማሳለፍ እንደሱ የሚችል የለም። ያ ልጅ መቀመጥ የሚያቅተው ፈረስ ነህ፣ ፈረስ ነህ እያላችሁ ስላሳደጋችሁት ነው። በይ ደህና እደሪ።»

ፀሐይወርቅ ከቀበሌው ግቢ ስትወጣ ሌላ ሴት ሆና ነበር። ነገሩ እውነት መሆኑን አልተጠራጠረችም፤ ልመናው ራሱ አንዳርጋቸውን አንዳርጋቸውን ይሸታል። ሚስቱን ላለማስቀየም ሲል የልጁን ዓመት የሚለውጥ ሰው እሱ ነበር። ደግሞስ፣ ልጁ እባብ ለመሆኑ ምን ጎደለው? አባቱ የተቀበረ ዕለት እንባውን ለማን አሳየ? አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ስለዚያች ልጅ፣ ስለ እሌኒ፣ አንድም ቀን ተነፈሰላት? ትናንት ለፈረስነቱ ስትቆጥር የከረመችውን ጥፋት ሁሉ ረስታ ለእባብነቱ ምስክር ስታሰልፍ መንገዱ አለቀላት። እባብ የሚለው ቃል እንኳ እየጣማት መጣ።

የቀረችው አንዲት ሌሊት ናት። ልጇ ማንነቱን ቢያውቅ ይህችን ሌሊት ይቀመጣል። ካላወቀ ግን፣ ፈረስ ነኝ እንዳለ፣ ሊነጋ ሲል ይወጣል። ጋሽ ኢስሀቅ ያላት ትዝ አላላትም ማለት አይቻልም፤ ትዝ ብሏታል። ግን ሽማግሌው ይህን ሳያውቅ የተናገረው ነው ብላ አለፈችው። ሰው እንዳይጠረጥራት ምግብም ልብስም ሳትይዝ፣ ባዶ እጇን፣ ወደ ዓባይ ድልድይ ወረደች።

ድልድዩ ላይ ወታደር ነበር።

«ወዴት ነው እናት?»

«ዓባይ ማዶ። የታመመች እህት ልጠይቅ።»

ወታደሩ ባዶ እጇን አይቶ አሳለፋት። ከኋላዋ ሁለት ሰዎች በብስክሌት ይመጡ ነበር፤ እነሱንም አሳለፋቸው። እሷም አንዴ ዞር ብላ አይታቸዋለች። ከፋብሪካ የሚመለሱ ሠራተኞች መሰሏት። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ብስክሌት ምን ይገርማል?

ሸሪፋ ደጃፏ ላይ ዓሣ ታሰጣ ነበር። ፀሐይወርቅን ስታይ እጇ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

«ምነው መጣሽ እህቴ? ምን ሆንሽ?»

«ደግ ነገር ነው፣ ደግ ነገር። የት ነው?»

ክንዱ ጎጆዋ ውስጥ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ደንገል ሲያስር አገኘችው። ጣቶቹ በገመዱ ተልጠዋል። ጋሽ ኢስሀቅ አጠገቡ ተቀምጦ ሥራውን ያያል። አንዳቸውም አይናገሩም፤ ሲነጋገሩ የዋሉም አይመስሉም። ልጇ ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ በደስታ አልበራም። ወዲያው ከእሷ አልፎ ወደ በሩ ነው ያየው።

አጠገቡ ተንበርክካ፣ ትንፋሽ እያጠራት ነገረችው። የቀያሹን፣ የወሩን፣ የአባቱን ልመና፣ ሁሉንም። ክንዱ ገመዱን ሳይለቅ አዳመጣት።

«ማን ነው የነገረሽ?» አለ።

«ቢያዝን።»

ጋሽ ኢስሀቅ ብድግ ብሎ ወጣ።

«እማዬ፣ ለዚህ ብለሽ ነው የመጣሽ?» አላት ክንዱ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ትወጣለህ ብዬ ነዋ። መቀመጥ ያቅተዋል ብዬ።»

«የት እወጣለሁ? ከመጣሁ ጀምሮ ከዚች በር አልወጣሁም።»

ያን ጊዜ ገባት። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ነው የገባት፤ የቢያዝን አለመቆጣት፣ በሩ ላይ መጥራቱ፣ ድልድዩ ላይ ያየቻቸው ሰዎች። ተስፈንጥራ ልትነሣ ስትል ውጭ ብስክሌት መሬት ላይ ሲጋደም ሰማች።

«ሩጥ» አለችው በሹክሹክታ። «በሐይቁ፣ በጀርባ በኩል። ታንኳ አለ።»

ክንዱ ግን አልሮጠም። ገመዱን በቀስታ አስቀመጠ። በበሩ ስንጥቅ አንዱ ጥበቃ ጠመንጃውን ጋሽ ኢስሀቅ ደረት ላይ ደግኖ ቆሞ ይታይ ነበር። ሸሪፋ ዓሣውን ትታ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች። ልጁ ይህን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ እናቱም ተከተለችው።

«እነዚህ ሰዎች አያውቁኝም» አለ ለጥበቃዎቹ፣ ዓይኑን ሳይሰብር። «ከጎንደር ገና ዛሬ መግባቴ ነው። አሁን እናቴ ናት ይዛኝ የመጣች። አሳድሩልኝ ስትላቸው እሺም አላሏት።»

ጥበቃው ወደ ፀሐይወርቅ ዞረ። ከኋላዋ እንደ መጣ፣ ስትገባም ብቻዋን እንደ ነበረች ያውቃል። ግን ቢያዝን የላከው አንድ ልጅ እንዲያመጣ ነው፤ ሽማግሌ ከነሚስቱ እየነዳ ድልድይ መሻገር ለእሱም ጣጣ ነው።

«እንዲህ ነው ነገሩ?» አላት።

ልጇ አያያትም። የሚያየው ጋሽ ኢስሀቅን ነው።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

አፏን ሞልታ ተናገረችው። ልጁን በሁለቱ ብስክሌቶች መካከል አድርገው በእግሩ ወሰዱት። መንገዱ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ዞሮ አያት፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ልታለቅስ በቻለች። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቢያዝን ቤት ዛሬ ከገብረ መስቀል ጋር እራት ይበላል ብላ አሰበች፤ ወዲያውም እንዲህ ማሰቧን ጠላችው። ጋሽ ኢስሀቅ ጎጆዋ ውስጥ ገብቶ ልጁ የጀመረውን እስር ይዞ ወጣና ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ።

ሸሪፋ መጥታ ፀሐይወርቅን ከመሬት አነሣቻት። ነጠላዋን አራገፈችላት። እሷም ታለቅስ ነበር።

«ልጁስ ተቀምጦ ነበር» አለች።

ክፋት አስባ አልነበረም፤ የሆነውን ነው የተናገረችው።