ዲዳው ምን አለ?

«‹የወደብ ሠራተኛ› ብለሽ ጻፊዋ» አለች አክስት ጂንዚ፣ የጀመረችውን የወረቀት አበባ እያጠፈች። «የጨዋ ሥራ ነው። ማንም አይስቅብንም።»

ሱዩን ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። የቀብሩ ማስታወቂያ ዛሬውኑ ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። የአባቷ ስም ተጽፏል፤ ቺዩ ሁዎቱ። ዕድሜውም ተጽፏል፤ ሰማንያ አንድ። ሥራ የሚለው መስመር ግን ባዶውን ቀርቷል።

ለቅሶው አራተኛ ቀኑን ይዟል። ድንኳኑ የተተከለው ደጃፋቸው ላይ፣ የመንገዱን እኩሌታ ይዞ ነው፤ የደሴቲቱ ወደብ ከተማ የኪሉንግ ዝናብ ከንጋት ጀምሮ ሸራውን ይደበድበዋል። የሰፈሩ ሴቶች ክብ ሠርተው ለሟች የሚቃጠለውን ቢጫ የወረቀት አበባ ያጥፋሉ። አንዷ ሻይ ትቀዳለች፤ ሌላዋ ከፎቶግራፉ ፊት የተደረደረውን ብርቱካን ታስተካክላለች።

«አባቴ እኮ ወደብ ሠርቶ አያውቅም» አለች ሱዩን።

«ወደብ ነው የሚሠራው ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

 እውነት ነው፤ ሱዩን ብላለች። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

ሁዎቱ በጎልማሳነቱ አፈ ጮሌ ተዋናይ ነበር። በደሴቲቱ ሰው ቋንቋ በሚሠሩት ፊልሞች ውስጥ ጫማ ጠራጊ ሆኖ ብቅ ሲል፣ ገና አፉን ሳይከፍት ሰው ይስቅለታል። ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። እነዚያ ፊልሞች አንድ በአንድ ቀሩ፣ ሁሉም በመንግሥቱ ቋንቋ በማንዳሪን ሆነ፤ የእሱ ምላስ ደግሞ ለማንዳሪን አልታጠፍ አለ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት መስመር ሲናገር ካሜራ ያዡ ሳይቀር በሳቅ ፈረሰ። በማግሥቱ ጠዋት አዘጋጁ ዘንድ ሄደና፣ «ዲዳ አድርገኝ» አለው።

ዲዳ አደረገው። ዲዳ ጀልባ ቀዛፊ፣ ዲዳ አሽከር፣ ዲዳ መነኩሴ። ዲዳ ካልሆነም ሳይናገር የሚሞት ሰው። በዚህ ዓይነት ከመቶ ስድሳ በላይ ፊልም ሠራ። አንድም ቀን ዋና ተዋናይ አልሆነም።

«የዲዳው ልጅ!» ይሏት ነበር የትምህርት ቤት ልጆች። «አባትሽ ትናንትም ሞተ አሉ! ዛሬስ ማን ይገድለው ይሆን?»

እሷም ለአስተማሪዋ አባቴ የወደብ ሠራተኛ ነው አለች። አስተማሪዋ የወላጆች ቀን ላይ ይምጣ ብትል የምትገባበት ጠፋት። ማታ እያለቀሰች ነገረችው። ሁዎቱ እስከ መጨረሻው ሰማት።

በቀጠሮው ቀን የመጣው የምታውቀው አባቷ አልነበረም። ዘይት የጠገበ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ጥቀርሻ አለ፤ ግራ ትከሻው ሃያ ዓመት ጆንያ እንደተሸከመ ሰው ዝቅ ብሏል። አስተማሪዋ ሻይ ብታቀርብለት ብርጭቆውን በሁለት እጁ፣ እንዳይሰበርበት እንደሚፈራ ሰው ያዘው። ስለ ስኳር ጆንያ ክብደት ሲያወራ ሱዩን ራሷ ልታምነው ምንም አልቀራትም። ሲመለሱ እሷ ቀደም ቀደም እያለች ሄደች። ከኋላዋ፣ «ትከሻዬ ደህና ነበር?» አላት። እርምጃዋን አፈጠነች። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊልሙን አይታለት አታውቅም።

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገቡ። የአርባ ዓመት ሴት ጃንጥላ ይዛላቸዋለች። ሽማግሌው የዕጣን ዘንግ ለኩሰው ሦስት ጊዜ እጅ ነሱ። ከዚያ ፎቶግራፉን ትክ ብለው እያዩ በእጃቸው መናገር ጀመሩ፤ በፍጥነት፣ አንዳንዴ እየተቆጡ፣ አንዳንዴ ፈገግ እያሉ። የሚታጠፈው ወረቀት ሁሉ እጅ ላይ ቀረ።

«እኚህ ደግሞ ማናቸው?» አለች አክስት ጂንዚ በሹክሹክታ።

«አባቴ ናቸው፤ ዌንግ፣ ዓሣ ሻጩ» አለች ሴትየዋ። «እኔ ሊቼን እባላለሁ። አይሰሙም፤ እኔ ላስተርጉምላቸው። ልጁን ፈልጌ ነው የመጣሁት ይላሉ።»

ሱዩን ወንበር ሰጠቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ፤ ሊቼን ተከተለቻቸው።

«አባትሽ መጀመሪያ ወደ ሱቄ መጥቶ የእጄን ንግግር ሲቀዳ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ በቢላዋ አባረርኩት። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ሦስት ወር ሙሉ ቅርፊት እየፋቀልኝ፣ ከእኔና እንደ እኔ ከማይሰሙት ጓደኞቼ የእጅ ንግግር ተማረ። ከዚያ ፊልሙ ወጣና አርባ ሆነን ገባን። አሽከሩን፣ አባትሽን፣ ሹሙ በጥፊ ይለዋል፤ ‹ጌታህ የት ነው የተደበቀው?› ይለዋል። አሽከሩ ተንበርክኮ በእጁ ይለምናል። ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እኛ አርባዎቹ ግን ከወንበር እስክንወድቅ ሳቅን! ዘበኛው ሊያስወጣን መጣ።»

«ለምን ሳቃችሁ?» አለች ሱዩን።

ሊቼን ፊቷ ቀላ። ሽማግሌው በክርናቸው ጎሰም አደረጓት።

«እሺ፣ እሺ... ልመና አልነበረማ። ‹ጌታዬ ሆይ፣ አፍህ ሦስት ቀን ያደረ ዓሣ ይሸታል፤ ዝም ብለህ ምታኝ፣ ጥፊህ ከትንፋሽህ ይሻላል› ነበር ያለው።» ሊቼን ራሷ ሳቋ አመለጣት። «ያኔ እኮ ሳንሱሩ እያንዳንዷን ቃል በወንፊት ነበር የሚያሳልፈው። ይቺን ግን ‹ልብ የሚነካ› ብሎ አሳለፋት!»

ሱዩን ሳቀች። በአራት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤ ጮክ ብሎ ወጣ።

«ሱዩን! ሰው ምን ይላል?» አለች አክስት ጂንዚ። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ «እውነት ሳንሱሩ አላወቀም?» ብላ ጠየቀች። መልሱን ሳትጠብቅ አፏን በቢጫው ወረቀት ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሽማግሌው ግን አሁን አይስቁም። እጃቸው ዝግ አለ።

«ሌሎቹ ዲዳ ሲሆኑ ዝንብ የሚያባርሩ ነው የሚመስሉት። እሱ ግን ይናገር ነበር። በየፊልሙ ለእኛ አንድ ነገር ሳይጥል አያልፍም። እኛ ሲኒማ ቤት ገብተን ሰው ሲያናግረን ያየነው በእሱ ብቻ ነው። ‹ይህን ለልጅህ ንገራት› ስለው፣ ‹የፊልም ነገር አይሆንላትም› ይለኝ ነበር። ግን ደግሞ፣ ‹አንድ ቀን ለእሷ ብቻ ብዬ ተጫውቼላታለሁ፤ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው› ይላል። ምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም።»

ሱዩን ያ ዝቅ ያለ ግራ ትከሻው ታወሳት። ከዚያ ብዕሯን አነሳችና በባዶው መስመር ላይ በትልቁ ‹ተዋናይ› ብላ ጻፈች። አክስት ጂንዚ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች።

«በደንብ አድምቂው» አለች።

በሰባተኛው ቀን፣ አስከሬኑ ሊወጣ ሲል፣ ሁለት አውቶቡስ መጥቶ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆመ። ዌንግ ከፊት ሆነው ሰዎች ወረዱ፤ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። አንድም ድምፅ የለም፤ እጆች ብቻ ከዝናቡ በታች ይንቀሳቀሳሉ። ሱዩን ማቋን እንደለበሰች ከድንኳኑ ወጥታ ልትቀበላቸው ሄደች።

አንዲት አሮጊት ቀድመው ደረሱ። ወደ ፎቶግራፉ ጠቆሙ፤ ከዚያ ወደ እሷ፤ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ጠበቁ። ምንሽ ነው?

ሱዩን ከዌንግ የተማረችው ቃል አንድ ብቻ ነበር። ጠቋሚ ጣቷን ጉንጯ ላይ አሳረፈች፤ ቀጥላ አውራ ጣቷን ወደ ላይ አቆመች። አባቴ። ዝናቡ በክንዷ እየወረደ፣ የመጨረሻው ሰው ከአውቶቡሱ ወርዶ እስኪያያት ድረስ እጇን አላወረደችም።