የናትናኤል መንገደኛ

«ናቲ ያን ፊልም እኮ እስከ መጨረሻው አላየውም» አለች ለሊሴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጀግናው በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት አንዴ እንኳን ውኃ አይጠጣም፣ አንዴ እንኳን አይርበውም ብሎ ተናዶ ግማሹ ላይ ጥሎኝ ወጣ።»

«እሱ ደግሞ የወደደው ፊልም መች ነበረና» አለ አሞጽ። ሊስቅ ሲል የት እንደተቀመጠ ትዝ አለውና አፉን በእጁ ያዘ።

መምህር ይበልጣል ከጀርባቸው፣ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙሮ ተቀምጧል። ሁለቱ የልጁ ጓደኞች አላዩትም። ልጁ ናትናኤል ከተቀበረ ወዲህ ለቀስተኛው ሁሉ እየመጣ አንድ ዓይነት ነገር ነበር የሚነግረው። ጨዋ ነበር፣ ሰው አክባሪ ነበር፣ እግዜር የወደደውን ይወስዳል። ለየትኛውም ሟች የሚባል ነው። ፊልም ላይ ተናዶ ስለሚወጣ ልጅ ግን ማንም አላነሣለትም። እንዳይሰሙት ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አዳመጠ።

«ያዋስኩትን የኮሚክስ መጽሐፍም እኮ መለሰልኝ» ቀጠለች ለሊሴ። «ሥዕሉ ጥሩ ነው፣ ሰዎቹ ግን ሁሌ ይጮሃሉ፤ አንድ ሰው እንኳን ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ገጽ የለውም አለኝ።»

«ስለ ወንዙስ አልነገረሽም?»

«የምን ወንዝ?»

«የምናብ አገር ታሪክ ሲያነብ መጀመሪያ የሚያየው ካርታውን ነው። ወንዙ ሽቅብ የሚፈስ ከሆነ መጽሐፉን ይከድነዋል። ‹ዘንዶ አለ ቢለኝ አምነዋለሁ፤ ሽቅብ የሚፈስ ወንዝ ግን አላምንም። ይሄን አባቴ ቢያየው ዜሮ ነው የሚሰጠው› ይላል።»

ይበልጣል የሸራውን ገመድ ጨብጦ ቀረ።

በወጣትነቱ ከጎጃም ተመድቦ አርባ ምንጭ ሲገባ የያዘው አንድ ሻንጣና የጂኦግራፊ መጽሐፎቹን ነበር። እዚሁ አገባ፣ እዚሁ ወለደ፣ ጡረታ እስኪወጣም የሴቻ ሰፈርን ልጆች ወንዝ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ ሲያስተምር ኖረ። የገዛ ልጁ ግን አንድም ቀን የሰማው አይመስለውም ነበር። ናትናኤል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በውኃ ምህንድስና ተመርቆ ሥራ ሲያጣ፣ ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ከስክሪን ጋር ተዘግቶ መዋል ጀመረ። ማታ ማታ እራት ላይ ያየውን ፊልም ይተርካል። እናቱ ባዩሽ እንጀራውን እየቆረሰች በሙሉ ልቧ ትሰማዋለች፤ ክፉው ሰውዬ ከተሸነፈ እሰይ ትላለች። ይበልጣል ግን ጸጉሩን እያሻሸ ይቆይና፣

«የሌለ አገር ውስጥ ስትዞር የት ትደርሳለህ?» ይለዋል።

«አባዬ፣ አንተስ ያላየኸውን አገር አይደል ስታስተምር የኖርከው? ሳይቤሪያን አይተሃል?»

ባዩሽ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ትገባለች። እሱም ስቆ ነበር፤ በሆዱ።

«አሁን የቸገረኝ» አለ አሞጽ ከድንኳኑ ጥግ፣ «መሣሪያው ነው። የጌም ቤቴ ነው፤ ጌሙን ጨርሶ ሊመልስልኝ ነበር የወሰደው። ያለ እሱ ቤቱን ዘግቼ ነው የምውለው። እንዴት ብዬ ነው ልቅሶ ቤት ገብቼ የምጠይቀው?»

«ቆይ እስኪ፣ ድንኳኑ እንኳን ሳይነሣ?» አለች ለሊሴ።

«የቱ መሣሪያ ነው?» አለ ይበልጣል።

ሁለቱም ደንግጠው ተነሡ። አሞጽ እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ ልክ እንደ ተማሪ፣ መሬት መሬት አየ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደዚህ ብዬ ልናገር አልነበረም።»

«ጠየቅሁህ እኮ። የቱ መሣሪያ?»

«ናቲ የሚጫወትበት ነው፤ ጌሙ። ክፍሉ ውስጥ አለ።»

«ና፣ ውሰድ» አለና ቀድሞ ወጣ።

ለቀስተኛው ለምሳ ሳስቷል። በድንኳኑ ሌላ ጫፍ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ተክለወልድ ከጎረቤቶች ጋር ካርታ ይጫወታሉ፤ ወረቀቱ ጠረጴዛውን ሲመታ ጓሮ ድረስ ይሰማል። ሰርቪሷ ናትናኤል ከተቀበረ ወዲህ አልተከፈተችም። ይበልጣል በሩን ሲገፋው የልጁ ጠረን ፊቱ ላይ መጣበት፤ ላብ፣ ሳሙና፣ የተዘጋ ቤት ሙቀት። አልጋው አልተነጠፈም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

አሞጽ ፈራ ተባ እያለ የመሣሪያውን ገመዶች መንቀል ጀመረ።

«ቆይ» አለ ይበልጣል። «መጀመሪያ አብራው።»

«ጋሼ?»

«ሲያይ የነበረውን አሳየኝ።»

አሞጽ ለሊሴን አያት። በልቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ሳሎን ያለው እንኳን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

«ሰው ምን ይላል፣ አባባ?» አለች ለሊሴ በቀስታ።

«እነዚያስ ካርታ እየተጫወቱ አይደል? አብራው አልኩህ።»

ስክሪኑ በራ። ዝናብ ይዘንባል። ከእንጨት የተሠራ ረጅም ድልድይ መሐል ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አረንጓዴ ካፖርት ለብሷል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይተነፍሳል።

«ያቆመው እዚህ ነው» አለ አሞጽ። «መንገደኛ ነው። ከድልድዩ ማዶ ምሽግ አለ፣ እሱን ካለፈ ጌሙ ያልቃል። ‹ከላንቴ ስመለስ እጨርሰዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

ከላንቴ አልተመለሰም። እዚያ መንደር ጓደኛው ዘንድ ውሎ በባጃጅ ሲመጣ ሙዝ የጫነ አይሱዙ መታቸው። ይበልጣል ሲደርስ አስፋልቱ ላይ የተረገጠ ሙዝ ነበር። ልጁን በነጠላ ሸፍነውታል፤ የማን ነጠላ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቀም።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ጀርባ ትክ ብሎ አየ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርድበታል።

«ወደ ቤቱ ይመለስ» አለ።

«ማ?»

«ይሄ ልጅ። ወዲያ ማዶ አይሂድ፤ ይመለስ። ከየት ነው የተነሣው?»

«ታች መንደር አለች፣ እዚያ ነው ቤቱ። ግን ጋሼ፣ ወደ ኋላ ማንም አይሄድም። መንገዱ ላይ ያሉት ተኩላዎች እንደገና ይመጣሉ።»

«ስጠኝ።»

መጫወቻውን ተቀበለ። አሞጽ የቱ ቁልፍ እንደሚያስኬድ፣ የቱ እንደሚያዞር አሳየው። የይበልጣል ጣቶች ጠመኔ የለመዱ ናቸው፤ መንገደኛው እንደ ሰካራም ተወላገደ፣ ከድልድዩ መከታ ጋር ተጋጨ፣ ኋላ ግን ዞረ። ያን ጊዜ ፊቱ ታየ። ማንንም አይመስልም፤ ጺም የሌለው፣ የደከመው ወጣት ፊት ነው። ይበልጣል እንደዚያም ሆኖ ዓይኑን ሊነቅልበት አልቻለም። ከድልድዩ አወረደው፣ ቁልቁል በጫካው መሐል ወሰደው። «በዚህ በኩል» ይላል፣ «በዚህ በኩል፣ አይዞህ።»

ተኩላዎቹ ከዛፉ ሥር ወጡ።

«ይምቱ፣ ጋሼ፣ ያንን ይጫኑ!»

አልደረሰበትም። መንገደኛው በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ወደቀ። ስክሪኑ ጠቆረ።

«ምን ሆነ?» አለ ይበልጣል። «ምን አደረግሁት?»

«ምንም አይደለም፣ ጋሼ። ሞተ፤ አሁን ይነሣል።»

ተነሣም። ያው ድልድይ፣ ያው ዝናብ፣ ያው አረንጓዴ ካፖርት። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ጭረት እንኳን የለበትም።

ይበልጣል እንደገና አዞረውና ወደ ጫካው ወሰደው። ተኩላዎቹ ጣሉት፣ ጠቆረ፣ ተነሣ። እንደገና ወሰደው። አሁን ሊከላከልለትም አልሞከረም፤ መሐላቸው አቁሞት ጠበቀ። መንገደኛው ሲወድቅ የይበልጣል ትንፋሽ ይቆማል፣ ሲነሣ ከሆዱ ውስጥ የሆነ ድምፅ ይወጣል። ኋላ መንገዱም ረዘመበትና ከድልድዩ ላይ ወደ ወንዙ ወረወረው። ተነሣ። ወረወረው።

«አባባ፣ ይብቃ» አለች ለሊሴ። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «ናቲ ራሱ ይሄን ነገር አይወደውም ነበር። ‹ጌም ላይ የሚያስጠላኝ ጀግናው ሲሞት የሚያለቅስለት ማጣቱ ነው፤ ወዲያው ስለሚነሣ ማንም አያዝንለትም› ይል ነበር።»

ይበልጣል ጥርሱን ነክሶ ይጫናል። ተነሣ። ወረወረው። ተነሣ።

የአቶ ተክለወልድ ጥላ በሩ ላይ አረፈ። «መምህር፣ ምን ነካዎት? በልቅሶ ቤት ቴሌቪዥን?» አሉ። ጠጋ ብለው አዩትና ነገሩ አላምር አላቸው፤ ወደ ሳሎን ሄደው ባዩሽን ጠሯት።

ባዩሽ ልጇ ከተቀበረ ወዲህ ከፍራሹ ላይ በሰው ድጋፍ ነበር የምትነሣው። አሁን ግን ብቻዋን፣ ግድግዳውን እየተደገፈች መጣች። አሞጽ የሚገባበት ጠፍቶት ወደ ግድግዳው ተጠጋ። መሬት ላይ የተዘረጉትን ገመዶች፣ ያልተነጠፈውን አልጋ፣ ላብ ያሰመጠውን የባሏን ፊት አየች።

«ምንድነው የምታደርገው?» አለችው።

«ይነሣል» አላት ዓይኑን ሳያነሣ። «እዪው፣ ባዩሽ። ስትጥዪው ይነሣል።»

ወንዙ ዋጠው። ስክሪኑ ጠቆረ። ሰውየው ድልድዩ ላይ ቆመ። ባዩሽ ብዙ ቆይታ አየችው።

«ካፖርቱን ማን አለበሰው?»

«ናቲ ነው የመረጠለት፣ እትዬ» አለ አሞጽ። «እዚያ ብርድ ስለሆነ።»

ይበልጣል ሊያዞረው ጣቱን ሲያነሣ እጇን እጁ ላይ አሳረፈች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። «ተወው» አለችው። «እንዲህ አታመላልሰው። ይቁም፣ ትንሽ ይረፍ።»

መጫወቻው ጭኑ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው ከመቃብሩ ወዲህ ያልወጣው ለቅሶ የወጣው፤ ጎንበስ ብሎ፣ ግንባሩን የልጁ ፍራሽ ላይ አድርጎ። ከድንኳኑ በኩል የካርታው ድምፅ ተቋረጠ።

ባዩሽ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። አቧራ ይዞታል። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አረጠበችና ሰውየው የቆመበትን ቦታ ጠረገችለት።